ባርኔጣ ሻጯ በቆቦ መጋዘን

ባለፈው ዒድ ልጄ ከወልድያ መጥታ ሳለች፣ ከአልጋዬ ሥር ያለውን ሻንጣ ስታጸዳ አንድ ያረጀ ደብተር አገኘች። ሽፋን የለውም። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በፈረንጅ ፊደል አንድ መስመር ተጽፎበታል። የቀረው ገጽ ፊደሉ የአማርኛ ሆኖ፣ ቃሉ ግን አማርኛ አይደለም።

"እማ፣ ይኼ የማን ነው?" አለችኝ።

ለልጆቼ አንድም ቀን ያላነሣሁላቸውን ሰው በቆምኩበት መንገር አቃተኝ። "ያ ከላይ ያለው የፊልም ስም ነው" አልኳት። "በደርግ ጊዜ እዚሁ ቆቦ ያየነው የአርጀንቲና ፊልም።"

"አርጀንቲና? ቆቦ?" ብላ ሳቀች። ስልኳን አወጣችና ፊደሎቹን አንድ በአንድ ጻፈች። ሻይ ቀድቼ ስመለስ ፊልሙን አግኝታ ከቴሌቪዥኑ ጋር እያገናኘችው ነበር።

ባለቤቴ ጡረታ የወጣ መምህር ነው። የደብተሩን ነገር ያውቃል። ፊልሙ ሲጀምር ትንሽ ቆሞ አየና "አሱር ደርሷል፣ መስጊድ ልሂድ" ብሎ ወጣ። ለአሱር ገና ብዙ ይቀረው ነበር።

ጥቁርና ነጭ ነው። ዝናብ የሚዘንብበት ትልቅ ከተማ፣ በሐዲድ የሚሄድ መኪና፣ አንዲት ባርኔጣ ሻጭ ልጅ። አንድ መልከ ቀና ሰው ባርኔጣ ይገዛና በማግስቱ ጠበበኝ ብሎ ይመልሳል። ሲለወጥለት ደግሞ ሰፋኝ ይላል። እሱ ሀብታም ነኝ ይላታል፣ እሷ ደግሞ የሱቁ ባለቤት ነኝ ትለዋለች። ሁለቱም ድሆች ናቸው። ከሥር በእንግሊዝኛ የሚጻፈውን ልጄ እያነበበች ትነግረኝ ጀመር። ሰውዬው መደርደሪያው ላይ ተደግፎ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ፣

"አሁን ምን አላት?" አልኳት።

"ይኼኛውም ጠበበኝ፣ ሌላ ስጪኝ ነው የሚላት።"

"ሌላስ? ሌላ ምንም አላላትም?"

"ሌላ ምንም የለም እማ። ባርኔጣ ብቻ ነው።"

እኔ ያን ቦታ ጠንቅቄ አስታውሰዋለሁ። ቆቦ ላይ ሰውዬው ያላት ሌላ ነበር። ሳቄ መጣ። ሳቁ ሳያልቅ ደግሞ እንባዬ ቀደመኝ፤ ልጄም ፊልሙን አቁማ ታየኝ ጀመር።

ያኔ የጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ተቀጥሬ እሠራለሁ። የሰባ ሰባቱ ድርቅ አልፎ፣ ሰው ከየመጠለያው ወደ ቀዬው ተመልሶ ማሽላ መዝራት ከጀመረ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። ሐኪማችን ኩባዊ ነበር። የቆቦን ሙቀት መቋቋም ስለማይችል አንገቱ ላይ ሁልጊዜ እርጥብ ፎጣ ጣል ያደርጋል። አማርኛ አያውቅም። የሱ አፍና ጆሮ አንድ ድሬሰር ነበር። ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ፣ ከቆቦ በስተሰሜን ያለችው የዋጃ ገበሬ ልጅ። ረጅም ነው፤ ከፊት ጥርሶቹ አንዱ ጫፉ ተሸርፏል። ከሐኪሙ አፍ የሰማውን ሁሉ በዚያ ደብተር ላይ በአማርኛ ፊደል እየጻፈ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ስፓኒሽ ለመደ። "ዱዌሌ?" ማለት "ያምሃል?" ማለት ነው። ኋላ ላይ ከቆላ የሚመጣው በሽተኛ ሁሉ ቃሉን ስለለመደው፣ ሐኪሙ ሳይጠይቀው ሆዱን ይዞ "ዱዌሌ፣ ዱዌሌ" እያለ ይገባ ነበር።

አንዳንድ የራያ ሽማግሌ ሕመሙን በኦሮምኛ ነው የሚናገረው። ድሬሰሩ ከአያቱ የለመደው ኦሮምኛ ነበረው። "ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ስፓኒሽ እስካደርሰው ድረስ ሕመሙ መንገድ ላይ ይቀልላል" እያለ ያስቀን ነበር።

እኔና እሱ ፍቅር የሚባል ቃል አንሥተን አናውቅም። ቅዳሜ ወደ ዋጃ ይሄድና ሰኞ ሲመለስ የተጠበሰ የማሽላ እሸት በወረቀት ጠቅልሎ የካርዱ መስኮት ላይ ያስቀምጥልኛል። "እናቴ ናት የላከችልሽ" ይለኛል። ኋላ እናቱን ስተዋወቃት፣ አንድም ጊዜ ልካልኝ እንደማታውቅ ነገረችኝ።

ሐኪሙ ወደ አገሩ ሊመለስ ሲል የቆቦን ሰው ፊልም ላሳይ አለ። መሣሪያውንም ፊልሙንም ከአገሩ ሰዎች ተውሶ አመጣ። ልጅ ሆኖ ከእናቱ ጋር ያየው የአርጀንቲና ፊልም ነው አሉ። ማታ እንዳይሆን ሰዓት እላፊ አለ። ስለዚህ እሁድ ከቀትር በኋላ፣ የገበሬዎቹ የእህል መጋዘን ውስጥ እንዲሆን ተወሰነ። የቀበሌው ሊቀመንበር መጥቶ ድሬሰሩን ጠየቀው።

"ጓድ፣ ፊልሙ ስለ ሠርቶ አደሩ ትግል ነው?"

"እንዴታ ጓድ ሊቀመንበር! ባርኔጣ ሻጯ እኮ ሠርቶ አደር ናት።"

"እንግዲያስ ይታይ" አለና ከፊት ተቀመጠ።

የመጋዘኑን መስኮቶች በጤና ጣቢያው ብርድ ልብስ ሸፈንናቸው። አንደኛው ግድግዳ ኖራ ተቀባ። ሴቶች በአንድ ወገን፣ ወንዶች በአንድ ወገን፣ ጆንያ ላይ ተቀመጥን። ሙቀቱ አይጣል ነው፤ የማሽላና የነቀዝ መድኃኒት ሽታ ያፍናል። ውጭ ጄኔሬተሩ ያጓራል። ድሬሰሩ ከግድግዳው አጠገብ ቆሞ ሰዎቹ በተናገሩ ቁጥር እየጮኸ ይተረጉማል። የልጅቱን ስትሆን ድምፁን ቀጠን ያደርጋል። ወፍራሙ አጎቷ ሲናገር ልክ እንደ ሊቀመንበራችን ይጎረንናል። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ዝናቡ ሲዘንብ አንድ ገበሬ ከኋላ "አልሐምዱሊላህ! ምነው ወደኛ ባለው!" አለ። ያኔ ግን ብዙ ሰው አልሳቀም።

ሁለቱ ሊሳሳሙ ፊታቸውን ሲያቀራርቡ ድሬሰሩ ሮጦ መዳፉን ከመብራቱ ፊት ዘረጋ። ግድግዳው ላይ ትልቅ ጥቁር እጅ መጣ። አሮጊቶቹ "ተባረክ!" አሉት፤ ጎረምሶቹ አጉረመረሙ። ያን የተሸፈነውን ያየሁት እንግዲህ ባለፈው ዒድ፣ በስተርጅናዬ ነው። ለዓይን ጥቅሻ ያህል እንኳ አይቆይም።

ሰውዬው መደርደሪያው ላይ ተደግፎ ድምፁን ዝቅ ያደረገ ጊዜ፣ ድሬሰሩም ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አባትሽ ዘንድ ሽማግሌ ብልክ ይቆጡኝ ይሆን?" አለ።

አባቴ የቆቦ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ከፊት ነበር የተቀመጠው። ሥዕል መሆኑን ረስቶት በዱላው ወለሉን መታና "ይላክ እንጂ! ምን ያስፈራዋል! ሳይልክ እንዴት ያውቀዋል?" ብሎ ጮኸ። መጋዘኑ በሳቅ ተናወጠ። ድሬሰሩ አልሳቀም። ፊቱን ወደ ሴቶቹ ወገን አዙሮ እኔን አየኝ። እኔ ሻሼን ፊቴ ላይ ጎተትኩ። አጠገቤ የነበረችው አዋላጇ በክርኗ ጎሸመችኝና "ይኼ ፊልሙ ላይ አለ ወይስ የለም?" አለችኝ። "እኔ ምኑን አውቄ" አልኳት።

በሁለተኛው ሳምንት ሦስት ሽማግሌዎች ከዋጃ መጡ። አባቴ እንደ ወጉ ሊያመላልሳቸው ሲል እናቴ ከጓዳ ሆና "አገር በሰማው አፍህ ይላክ ብለህ የለም እንዴ!" አለችው። ሳቀና እሺ አለ። ኒካሁ ማሽላው ከታጨደ በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ።

ማሽላው ሳይደርስ ትእዛዝ መጣ። ከየጤና ጣቢያው ሰው ተመርጦ ግንባር እንዲዘምት ተባለ፤ ከኛ እሱ ተመረጠ። ሦስት ቀን ነበር የሰጡት። አባቴ ነገሩን ሲሰማ ጠርቶት "ልጄ፣ ኒካሁን ዛሬውኑ እንሰረውና ሂድ" አለው። እምቢ አለ። ጤና ጣቢያው በረንዳ ላይ አገኘሁት። ተናድጄ ነበር።

"ትጠላኛለህ እንዴ?" አልኩት።

"ወላሂ ጠልቼሽ አይደለም።"

"ታዲያ ለምን?"

"ኒካህ ቢታሰር እኔ እሄዳለሁ። የምትታሰሪው አንቺ ነሽ። ብመለስ በማግስቱ እናስረዋለን። ባልመለስስ?"

"ባልመለስ አትበል!"

"እሺ፣ አልልም" አለ። ከኪሱ ደብተሩን አውጥቶ ሰጠኝ። ሐኪሙ ሄዷል፣ እዚያ ምን ያደርግልኛል አለ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ወደ አላማጣ የሚሄድ ወታደራዊ መኪና ላይ ወጣ። እናቱ ዋጃ ላይ መንገድ ዳር ቆማ ስትጠብቀው መኪናው ሳይቆም አለፈ። እሷ ያየችው የተውለበለበ እጅ ነው። የማን እጅ እንደሆነ አልለየችም።

ሦስት ደብዳቤ ጻፈልኝ። በሦስቱም ጤንነቱን፣ ብርዱን፣ የውሃውን እጥረት እንጂ ስለ ጦርነቱ አላነሣም። ከዚያ ቆቦ ራሷ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ ገባች፤ ፖስታ ቆመ፤ መንገድ ተዘጋ። ከአውሮፕላን የሚሸሽ ሰው ቀን ቀን ወንዝ ውስጥ ይውል ነበር። በዚያ መሃል አባቴ ታሞ ሞተ። እኔ ሥራዬን ትቼ ከእናቴ ጋር ሱቁ ውስጥ ጨርቅ እቆርጥ ጀመር።

ደርግ በወደቀ ሰሞን ከሰሜን የተበተነው ጦር በአስፋልቱ ይፈስ ጀመር። መሣሪያ የለው፣ ጫማ የለው፣ አብዛኛው ባዶ እግሩን ነው። ይህን ስሰማ ጠቅልዬ ዋጃ ወረድኩ፤ ከቆቦ ይልቅ ዋጃ ለሰሜን ይቀርባልና። እናቱ አስቀድማ መንገድ ዳር ወጥታ አገኘኋት። የማሽላ ንፍሮ በሰፌድ፣ ውሃ በጀሪካን ይዛለች። የዋጃ ሴት ሁሉ እንደዚያው ነበር። ከሴቶቹ ውስጥ እነዚህ ወታደሮች ቤቷን ያቃጠሉባት ትኖር ይሆናል፤ ቢሆንም እያለቀሱ ያጎርሷቸው ነበር።

እሷ አንድ እፍኝ ንፍሮ ትሰጥና አንድ ጥያቄ ትጠይቃለች። "የዋጃ ልጅ፣ ድሬሰር፣ ረጅም፣ አላየህም የኔ ልጅ?" አንዳንዱ "አላየሁም እናቴ" ይላታል። አንዳንዱ የሚሰማ እንኳ አይመስልም። እኔ ፊት ፊታቸውን ነው የማየው። ፊታቸው ሁሉ አንድ ሆነብኝ።

ዐሥር ቀን ያህል ቆመናል። አንድ ረፋድ ላይ ግራር ሥር የተቀመጠ ወታደር አየሁ። እግሩን ከድንኳን በተቀደደ ጨርቅ ጠቅልሎታል። ጨው የገባበት ለብ ያለ ውሃ አምጥቼ አጥበው ጀመር። እጄን ሲያይ ቆየና፣

"የሕክምና ሰው ነሽ እህቴ?" አለኝ።

"ካርድ ክፍል ነበርኩ። ከድሬሰሮች አይቼ ነው።"

"እኛም ዘንድ አንድ ድሬሰር ነበር። ቆቦ አካባቢ ነኝ ይል ነበር።"

ጨርቁ ከእጄ ወደቀ። "ስሙስ?"

"ድሬሰር ነበር የምንለው። ስም አልጠየቅሁትም።"

"ረጅም ነው?"

"ተኝቼ ነው ያየሁት። ተኝቶ ለሚያይ ሰው ሁሉ ረጅም ነው።"

"ጥርሱስ? ፊት ጥርሱ ተሸርፏል?"

አሰበ። ሊዋሸኝ እንዳልፈለገ ያስታውቃል። "ሲስቅ አላየሁትም፣ እህቴ" አለኝ።

ቀስ እያለ ነገረኝ። ጦሩ አፈግፍግ ሲባል መኪናው ለቁስለኛው ሁሉ አልበቃም። መራመድ የቻለ ተራመደ። መራመድ ያልቻሉት አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ተኝተው ነበር። ድሬሰሩ እስከ በር ሸኝቷቸው ወደ ውስጥ ተመለሰ። እነሱ ኮረብታውን ሳይሻገሩ ከባድ መሣሪያ ከኋላቸው ሲወድቅ ሰሙ። ትምህርት ቤቱ ላይ ይሁን ሌላ ቦታ አላየም። ዞሮ አላየም።

እናቱ ከሩቅ አይታን ሰፌዷን ይዛ መጣች። "ምን አለሽ?" አለችኝ።

"አያውቀውም" አልኳት።

"ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?"

"እግሩ ነው። እግሩ በጣም ቆስሏል።"

ወታደሩን አየችው። አንገቱን ደፋ። የቀረውን ንፍሮ በሙሉ ጭኑ ላይ ገለበጠችለትና ወደ መንገዱ ተመለሰች።

ያ ሰው የኔው ሰው ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። ከቆቦ አካባቢ የሄደ ድሬሰር እሱ ብቻ አልነበረም። ያልተረጋገጠ ነገር ነግሬ እናቱን ልግደላት እንዴ እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ለሷ ብቻ አይደለም የዋሸሁት። አፌ ካወጣው ለኔም እውነት እንዳይሆን ፈራሁ።

አራት ዓመት ጠበቅሁ። አንድ የሒሳብ መምህር ከጎብዬ ተዛውሮ መጣ፤ ጨርቅ ሊገዛ ሱቃችን ይመላለስ ነበር። አንድ ቀን "የምትጠብቂው ሰው እንዳለ ነግረውኛል። መጠበቅሽን ተይ አልልሽም። ቤቴ ሆነሽ ጠብቂ" አለኝ። ከሱ በፊት እንዲህ ያለኝ ሰው ስላልነበረ እሺ አልኩት። የድሬሰሩ እናት ሠርጌ ላይ ተገኝታ፣ እንደ ልጇ አቅፋ መረቀችኝ። አላለቀሰችም።

ከዚያ በኋላ ቆቦ ለገበያ በመጣች ቁጥር ቤቴ ታርፋለች። ሰዎች ለልጇ እንድታሰግድለት፣ ሐዘን እንድትቀመጥ ሲመክሯት "ያልሞተ ሰው ላይ አይሰገድም" ትላቸዋለች። ስለሱ ስታወራ ሩቅ አገር ለንግድ ሄዶ እንደሚመለስ ሰው አድርጋ ነው። እሸት ይወዳል፣ ጠዋት ጠዋት ይነጫነጫል፣ ነጭ ሸሚዝ ያቆሽሻል።

የመጀመሪያ ልጄ፣ ይህቺው ፊልሙን ያገኘችው፣ ሦስት ዓመት ሲሞላት፣ እናቱ አንድ የገበያ ቀን መጥታ ዕቃዋን ሳታወርድ በሩ ላይ ቆመች።

"ያኔ ግራሩ ሥር የነበረው ልጅ ምን ነበር ያለሽ?"

"አያውቀውም…"

"እሱን ሰምቻለሁ። አሁን የሆነውን ንገሪኝ። አርጅቻለሁ። ነገ ወዲያኛው አገር ስሄድ ልጄን እዚያ ልፈልገው ወይስ አልፈልገው?"

ነገርኳት። ምንም ሳላስቀር፣ ወታደሩ እንዳለኝ አድርጌ ነገርኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። በሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለች።

"መራመድ የማይችሉት ዘንድ ተመለሰ አለሽ?"

"አዎ።"

"እሱ ከሆነ ልጄ ነው። እሱ ካልሆነም የአንዷ ልጅ ነው። ይሰገድለት።"

ሰው የጠራው ባለቤቴ ነው። ከቤት ቤት ዞሮ፣ ከሮቢት ድረስ ሰው አስመጣ። አስከሬን በሌለበት የሚሰገደው ሶላት መስጊዱ ግቢ ውስጥ ተሰገደ። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ድንኳን ተክለው፣ ዳቦ ጋግረው ቆዩን። ጤና ጣቢያው ውስጥ አብረውን ከሠሩት የተረፉት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ሁለቱም መጡ። እኔ ያገባሁ ሴት ነኝና የት መቀመጥ እንዳለብኝ አላወቅሁም። ቆሜ ስቀር የድሬሰሩ እናት አጠገቧ ያለውን ቦታ በእጇ መታ መታ አደረገች። ሄጄ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ ከወንዶቹ መሃል አየኝና ፊቱን ወደ ሼሁ መለሰ።

ሦስት ቀን እኔ ቤት ተቀመጠች። በአራተኛው ቀን እስከ አውቶቡስ ሸኘኋት። መንገድ ላይ አንዲት ሴት የማሽላ እሸት ስትጠብስ አየችና ቆመች።

"ልጄ እሸት ይወድ ነበር" አለች።

ስለሱ "ነበር" ስትል የመጀመሪያዋ ነው። የሰማሁ አልመሰልኩም። ሁለት እሸት ገዝቼ አንዱን ለሷ ሰጠኋት፤ እየበላን ወደ አውቶቡሱ ሄድን።